ቡቬ ላይ የቀረው

ኖቬምበር 4

ነፋስ። የጓዳው በር ተገንጥሎ ሊወድቅ ነበር። ኦድቫር ሳልጠራው መጥቶ ጠገነልኝ። ወንድሜ እንዲህ ነው። ዓሣ ቀቀልኩለት፣ ከድንች ጋር፤ ጉበቱን ለብቻው። እየበላ ስለ ጎረቤት ጀልባ አወራ፣ ስለ ጉልበቱ አወራ… ስለ ሲንድሬ ግን ምንም። ልጄ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው ሁሉ ስሙን እየዘለለ ያወራል። እኔ የምሰማው ደግሞ የዘለሉትን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ካፒቴን ሃልቫር። ድሮ ዓሣ አጥማጅ መርከቡ ላይ ምግብ አበስልለት ነበር።

«ጉንቮር፣ ጡረታ አልሰለቸሽም?»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ምግብ አብሳዬ እግሩን ሰበረ። ከኬፕታውን ተነስተን ወደ ታች ልንወርድ ነው። ተመራማሪዎች ይዘን።»

«ታች የት?»



«የት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሌላ ሰው ከመጠየቄ በፊት ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ቡቬ።

አስብበታለሁ አልኩት። ምኑን ነው የማስበው? ስልኩን እንደዘጋሁ ሻንጣ ፍለጋ ጣሪያ ሥር ወጣሁ።

ኖቬምበር 6

ኦድቫር ተቆጣ።

«ምን ልታዪ ነው የምትሄጂው? በረዶ? በረዶ እዚህ አጣሽ?»

«ያንን በረዶ ነው ማየት የምፈልገው።»

«ጉንቮር… እዚያ እኮ ምንም የለም። ሰው የለ፣ ቤት የለ፣ ዛፍ የለ።»

«ልጄ አለ።»

መዶሻውን ረስቶ ሄደ።

ድሮ በቡቬ ደሴት ይቀልድ ነበር። «ከመንግሥታችን ግዛት ሁሉ የማትነጫነጨው ቡቬ ብቻ ናት፤ መራጭ የላት፣ ግብር የላት፣ መንገድ ሥሩልኝ አትል» ይላል። ሲንድሬ በልጅነቱ በዚህ ቀልድ እየሳቀ ይንከባለል ነበር። ትምህርት ቤት የሰጡት ካርታ ላይ አገራችን ከላይ እስከ ታች ተዘርግታለች፤ ቡቬ ግን ጥግ ላይ፣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ ለብቻዋ። «እማ፣ ይቺን ለምን አሰሯት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሩቅ ስለሆነች ነው አልኩት። «የኛ ናት ግን?» የኛ ናት አልኩት። አድጎ እዚያው ሄደ። በረዶ ሲለካ በረዶው ዋጠው።

የኛ ናት ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ…

ኖቬምበር 9

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄድኩ። የባሌ መቃብር አጠገብ የሲንድሬ ስም ያለበት ድንጋይ ቆሟል፤ ሥሩ ባዶ ነው። በመታሰቢያው ቀን ቄሱ ሁሉንም አደረጉ፤ ጸለዩ፣ ዘመሩ፣ እጄን ያዙ። አፈሩን ግን አላለበሱም። በምን ላይ ያልብሱት? ሣጥን የለ፣ ሬሳ የለ። አካፋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። እስከ መጨረሻው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ዛሬ ከባሌ መቃብር ጎን በማንኪያ አፈር ቆፈርኩ። መሬቱ በብርድ መድረቅ ጀምሯል፤ ማንኪያው ተጣመመ። በማርማላታ ብልቃጥ ሞላሁት። ይዤለት እሄዳለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ዲሴምበር 12

ኬፕታውን። ሙቀቱ አናት ይበሳል። መርከቡ ወደብ ላይ ነው። ኩሽናው ጠባብ ቢሆንም ምድጃው ጥሩ ነው።

ይልቫም እዚህ አለች።

መኖሯን አውቅ ነበር፤ ሃልቫር ነግሮኛል። የተመራማሪዎቹ አለቃ እሷ ናት። ያን ጊዜም አለቃቸው እሷ ነበረች። የልጄ አለቃ፣ የልጄ እጮኛ… ፍለጋው ይቁም ብላ የፈረመችውም እሷ። ከመታሰቢያው ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። ያን ቀንም እጄን አልሰጠኋትም።

መሰላሉን ስወጣ ከላይ ቆማ አየችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። ከስታለች። ጸጉሯን ቆርጣዋለች፤ ሲንድሬ የሚወደውን ጸጉር።

«ጉንቮር። አብሳይዋ አንቺ መሆንሽን ማንም አልነገረኝም።»

«አሁን አወቅሽ። እራት ላይ ዓሣ ነው። የማትበይው ነገር አለ?»

«የለም።»

«ጥሩ» ብዬ አለፍኳት። ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁና ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

ዲሴምበር 15

ማዕበል። ሾርባ ብቻ። ግማሾቹ ያንንም አልቻሉም።

ዲሴምበር 17

ብልቃጡን አስደፉኝ።

ዛሬ የጽዳት ቀን ነበር። ደሴቲቱ ጥብቅ ክልል ናት፤ ከውጭ አንድ ዘር፣ አንዲት ትንኝ እንኳ እንድትገባባት አይፈቀድም። ጫማ በብሩሽ ይፈተጋል፣ የኪስ ስፌት ሳይቀር በመርፌ ይለቀማል። ለማልወርድበት ቦታ እኔም ተፈተሽኩ፤ መርከቡ ላይ ያለ ሁሉ ይፈተሻል። ዕቃዬን ያየችው ይልቫ ራሷ ናት። ሹራቤን ዘረጋችው… ብልቃጡ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አፈር።»

«የምን አፈር?»

ሰው ቆሞ ነበር። ክዳኑን ከፍታ አየችው። መልሳ ከደነችው። የገባት መሰለኝ።

«ጉንቮር፣ ይሄን ማሳለፍ አልችልም።»

«አንድ እፍኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ለማንም አልችልም። ሥር አለው፣ ትል አለው… ያቺ በሕይወቷ ትል አይታ የማታውቅ መሬት ናት።»

«ልጄን ስታስቀሪባት ግን አልከለከለችሽም።»

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ቢሆንም ሁሉም ሰሙት። ሄሊኮፕተር አብራሪው፣ ኩሬ የሚባለው፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። እሷ ግን ከፊቴ አልሸሸችም። ብልቃጡን በእጄ ሰጠችኝና እስከ መርከቡ ጠርዝ አብራኝ ሄደች። እኔው ደፋሁት። ነፋሱ ግማሹን ፊቴ ላይ መለሰው። ባሌን ከዓይኔ ጠረግኩት…

እራት አልሠራሁም። የቆርቆሮ ምግብ ከፍተው በሉ።

ዲሴምበር 18

ይልቫ ኩሽና መጣች። ድንች እየላጥኩ ነበር። ሳትጠይቀኝ ቢላዋ አንስታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጣጩን ከነግማሽ ድንቹ ነው የምታነሳው፤ ድሮም እንዲሁ ነበረች። ሲንድሬ «እናቴ ታባርርሻለች» ይላት ነበር።

ልነግርሽ እፈልጋለሁ አለች። ነገረችኝ።

በረዶው መሬት ላይ ጥልቅ ስንጥቅ ነበር፤ አፉ ላይ አዲስ በረዶ ጣሪያ ሠርቶበታል። አይታይም። ሲንድሬ ከፊት ነው፤ ጣሪያው ከሥሩ ተደረመሰ፣ ገመዱ ሹል በረዶ ላይ ተቆረጠ። ጠሩት። መልስ የለም። ዩስታይን የሚባል ጓደኛቸውን በገመድ አወረዱት። አፋፉ ከሥሩ ተናደና እሱም ተንጠልጥሎ ቀረ። ጎትተው አወጡት። ዩስታይን ድጋሚ ልውረድ አለ። ነፋሱ እየባሰ ነው። ታች ድምፅ የለም…

«እምቢ አልኩት። ሁለት ልጆች አሉት። ገመዱን ከወገቡ ፈታሁበት፣ ሰደበኝ። ከዚያ ፈረምኩ።»

«በሕይወት ቢኖርስ ኖሮ?»

«እሱን በየቀኑ ነው የማስበው።»

«እና?»

«እና እንደገና ያ ቀን ቢመጣ እንደገና እፈርማለሁ። ይቅር በይኝ ልልሽ አልመጣሁም። ከኔ አፍ እንድትሰሚው ነው።»

ይቅርታ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። እምቢ እላት ነበር፣ ይቀለኝ ነበር። አሁን ይሄን ምን ላድርገው?

«ድንቹን ቀጭን አድርገሽ ላጪ» አልኳት።

ዲሴምበር 21

ደርሰናል ይላሉ። የታለ? ጭጋግ ብቻ። ሃልቫር የመርከቡ ራዳር ላይ ክብ ነገር አሳየኝ። «ይቺ ናት» አለ። ፊት ለፊቴ ቆማለች፣ አትታየኝም። ግን ትሸታለች… የበረዶ ሽታ፣ የእንስሳ ሽታ። ድምፅም አላት፤ አንዳንዴ ሩቅ ነጎድጓድ ይመስላል። በረዶ ነው ወደ ባሕር የሚወድቀው አለኝ።

ጀልባ አታስጠጋም። ዙሪያዋን ገደል ነው። ሰው የሚወርድባት አንዲት ጠፍጣፋ ቦታ አለቻት፤ እሷም ተራራው ተንዶ የሠራት ናት። በሄሊኮፕተር ነው። ጭጋጉ ካልተነሳ ማንም አይወርድም። ከተነሳም እኔ ፈቃድ የለኝም። ሰው የማይኖርበት መሬት፣ ፈቃድ የሚሰጡት ኦስሎ ተቀምጠው።

የአገሬ መሬት… ልጄን ወስዳ እኔን አላስገባም አለችኝ።

ዲሴምበር 23

ጭጋግ።

ዲሴምበር 24

የገና ዋዜማ። የደረቀ የበግ ጎድን በእንፋሎት አበሰልኩ። ከዚያ የሩዝ ገንፎ፤ እንደ ወጉ አንዲት ለውዝ ውስጡ ደብቄ። ለውዙ የደረሰው ሽልማት ያገኛል። ሁሉም በልተው ጨረሱ፣ ለውዙ ጠፋ።

«አብሳይዋ ራሷ በላችው» አለ ኩሬ። ሳቁ።

ሳህን ሳነሳ ይልቫ ጉንጯ ውስጥ ይዛው አየኋት። ሲንድሬ ነበር እንዲህ የሚያደርገው፤ ሰው ሁሉ ተስፋ እስኪቆርጥ ጉንጩ ውስጥ ይደብቀዋል። አየችኝ። አየኋት። አላጋለጥኳትም።

በዓለም ላይ ያንን ነገር የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን።

ዲሴምበር 26

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ጠዋት ጭጋጉ ተነሳ። ይልቫ ኩሽና ገባች።

«ልበሺ።»

«ምኑን?»

«የመውረጃውን ልብስ። ምሳ ይዘሽ ትመጫለሽ።»

«ፈቃድ የለኝም እኮ።»

«አለሽ። ከኬፕታውን ነው የጠየቅኩልሽ። ለወራጆቹ ምግብ የምታቀርብ ብዬ። ስለዚህ ምሳውን እንዳትረሺው፣ ውሸታም እንዳልባል።»

ከኬፕታውን… በር ዘግቼባት ባልዲ ላይ በተቀመጥኩበት ጊዜ።

ከላይ አየኋት። ሁሉ ነገሯ ነጭ። ዳርዳሯ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ጥቁር ገደል፣ ከሥሩ የሚፈላ ባሕር። ጫፏ ደመና ውስጥ ነው። እንዴት ታምራለች… አስጠላኝ ማማሯ። አስቀያሚ ብትሆን ኖሮ እላለሁ።

ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ወረድን። ሰው አይኖርባትም የሚሏት ደሴት ጫጫታዋ ገበያ ነው፤ ባሕር ዳር የተጋደመው አቆስጣ ይጮሃል፣ ፔንግዊን ይጨቃጨቃል። ሌሎቹ የአየር መለኪያውን ባትሪ ሊቀይሩ ሄዱ። በዚህ ጉዞ ድንኳን አይተከልም፤ ሠርቶ መመለስ ብቻ። ምሳውን ሰጠኋቸው። ይልቫ በዓይኗ ጠራችኝ።

በረዶው የሚጀምርበት ድረስ ወጣን። የተቃጠለ ከሰል የሚመስል ጥቁር ጠጠር ላይ ነው የሚራመዱት። ቆመች።

«እዚያ ነበር። ያ ሰማያዊ መስመር አለ አይደል? ከሱ በላይ።»

«ነበር?»

«በረዶው ይሄዳል ጉንቮር። ሳይታወቅ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቦታው አሁን ያ ቦታ አይደለም።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ባሕር።»

«እሱም?»

«እሱም።»

ልጄ ገና መንገድ ላይ ነው… ለብቻው፣ በዚያ ብርድ።

«መቼ ይደርሳል?»

«እኛ አንኖርም ያኔ።»

ጎንበስ አለችና ከጠጠሩ ዘገነች። «ከቤት ያመጣሽውን አስደፋሁሽ» አለች፤ «የደሴቲቱን የራሷን አፈር ግን ማን ይከለክለናል? ከዚህ ወደዚያ ነው።» እጄ ላይ ገለበጠችልኝ።

ቄስ መቃብር ላይ ሦስት ጊዜ እንደሚያለብሰው፣ በረዶው ጫፍ ላይ በተንኩ። ከአፈር መጣህ አልኩ። ሁለተኛ በተንኩ። ወደ አፈር ትመለሳለህ። ሦስተኛው… አፌ እምቢ አለኝ። እጄ ተዘርግቶ ቆየ። ይልቫ እጇን ከእጄ ሥር አድርጋ እሷ አለችልኝ። ከአፈር ትነሣለህ።

ጠጠሩ ነጩ ላይ ቁጭ አለ። በቃ። ያ ነው። የመጣሁበት ነገር ይሄ ነበር፤ ምንም አልቀለለኝም።

ከዚያ ሬዲዮው ጮኸ። ኩሬ ነው። «ጭጋግ እየመጣ ነው። ሁላችሁም ተመለሱ፣ አሁን።» ዞር ስል ባሕሩ ላይ ግድግዳ ቆሟል። እየቀረበ ነው። ሌሎቹ መለኪያውን ትተው ሲሮጡ አየሁ።

ይልቫ አልተንቀሳቀሰችም።

«ይልቫ፣ ሰማሽ?»

በረዶው ላይ ወጣች። ጥቂት ሄዳ ቁጭ አለች። ያለ ገመድ።

«አንቺ ሂጂ» አለች።

«ምን?»

«አንዴ ትቼዋለሁ። ሁለተኛ አልችልም። ሂጂ አልኩሽ።»

ፊቷ እንደ ሕፃን ሆነ። ሬዲዮው እየጮኸ ነው። ሰማያዊውን መስመር አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ቦታ ኖሬ… መቆየት የፈለግኩት እኔ ነበርኩ። እሷ ቀደመችኝ። እሷ ከተቀመጠች እኔ መቀመጥ አልችልም። አንዳችን መነሳት አለብን።

ሄድኩባት። በረዶው ከእግሬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ኮሌታዋን ያዝኩ።

«ተነሺ። እንሄዳለን።»

«ጉንቮር፣ እባክሽ…»

«እናቱ ነኝ። እናቱ ናት እንሂድ የምትልሽ። ተነሺ።»

ጎተትኳት። ስትነሳ መላ ሰውነቷን ጣለችብኝ። ጠጠሩን እየተደናቀፍን ወረድን። ኩሬ ወደ ውስጥ ሳበን። አንዴ ዞሬ አየሁ… ነጭ ብቻ። በረዶውና ጭጋጉ አይለዩም።

ዛሬ ልጄን ትቼው የመጣሁት እኔ ነኝ። እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ነው እንዳልል።

ዲሴምበር 28

ጭጋግ። ሃልቫር ወሰነ። እየተመለስን ነው። ስንርቅ ወደ ኋላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ጃንዋሪ 3

ሞቅ ማለት ጀምሯል። ይልቫ ከእራት በፊት መጣች። ድንች አልነበረኝም፤ እጇን የምታስቀምጥበት አጣች።

«ሌላም የምነግርሽ አለ።»

«ንገሪኝ።»

«ሰው አለኝ።»

ሩዙን አማሰልኩ። ሲያርር ይሸተኛል፣ አላወጣሁትም።

«ከመቼ?»

«ካለፈው ክረምት። ብራጌ ይባላል። ትሮንድሃይም ከተማ አስተማሪ ነው።»

«ስለ ሲንድሬ ያውቃል?»

«ሁሉንም።»

ምን ይባላል? እንኳን ደስ ያለሽ? አፌ ላይ አልመጣም። ሲንድሬን ከኔ ሌላ በየቀኑ የሚያስብ ሰው አለ ብዬ በዚያ ጠላኋት፣ በዚያ ተጽናናሁ። እሱም ሊቀር ነው። ብቻዬን ላስበው ነው…

«ደግ ነው?» አልኳት።

«ደግ ነው።»

«ድንች መላጥ ይችላል?»

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ሩዙ አረረ። ያረረውን በሉ።

ፌብሩዋሪ 8

ቤት ገባሁ። ኦድቫር ምድጃ አንድዶ ጠበቀኝ።

«አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም። የት አካባቢ እንደሆነ ግን አየሁ።»

ቡና ቀዳልኝ። ትንሽ ቆይቶ «ያቺ ሴትዮስ? ትታው የሄደችው?» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር የምንጠራት። እኔ ነኝ ያስለመድኩት።

«ኦድቫር፣ እንደዚያ አትበላት። እኔም ትቼው መጥቻለሁ።»

ሲኒውን አስቀመጠ። «ሲንድሬ» አለ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር። በሁለት ዓመት ውስጥ ስሙን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ሁለታችንም ተንሰቀሰቅን፣ እንደ ሞኝ።

ማርች 19

ይልቫ ደወለች። ስለ አየር ጠባይ አወራን። ለምን እንደደወለች አላወቅኩም። ደስ አለኝ።

ኤፕሪል 11

ዛሬ ልደቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ።

ጁን 24

ትናንት መጡ። ይልቫና ብራጌ። ሊጋቡ ነው፤ በስልክ ልትነግረኝ አልፈለገችም። እሱ ረጅም ነው፣ ጎንበስ ብሎ ነው በር የሚገባው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄድን። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ኋላ ቀረ፤ እኛን ብቻችንን ተወን። ጠባዩ ደስ አለኝ። ደስ በማለቱ ተናደድኩ።

የት ላስተኛቸው? ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ትርፍ ክፍል ነው፣ የሲንድሬ። ይልቫ «ሆቴል እንሄዳለን» አለች። የምን ሆቴል አልኳት። አንሶላውን ቀየርኩ። እሱ ከሄደ ወዲህ አልተቀየረም ነበር። ትራሱን አሸተትኩት፤ የሱ ሽታ ከጠፋ ቆይቷል። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከተትኩት። ማሽኑ ሲዞር ፊቱ ቆሜ አየሁት።

ዛሬ ጠዋት ዋፍል እየጋገርኩ ነበር። ከክፍሉ ሳል ሰማሁ። የወንድ ሳል፣ ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ሳል። ከዚያ የወለሉ እንጨት ጮኸ።

«ሲንድሬ፣ ተነሳህ?»

አፌ ነው ያለው። ሳላስበው፣ ለምዶበት። ሊጡ ከጭልፋው ወለል ላይ ፈሰሰ።

በሩ ላይ ብራጌ ቆሟል። ሰምቶኛል። እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

«ብራጌ ነኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ተቀመጥ፣ ልጄ። ትኩስ ነው።»